ጨውና ሽንኩርት

መጋቢት ገብቷል፤ ፔይፕሲ ሐይቅ ግን እንደ ድንጋይ ደንድኗል፤
ኮልክያ፣ የሽንኩርት መንደር፣ በጭጋግ ተሸፍኗል።
አንድ ራስ ሽንኩርት በመዳፉ ይዞ፣
አብሮ አደጌ ሳቫቲ ከክፍሉ ደጅ ቆመ፣ እንደ ባለዕዳ ፈዝዞ።
«ሉኬርያ ‹ሽንኩርት ውስጥ ሺህ ቤት አለ› ትላለች፤
ራቷን ትታ ይህንኑ ስታወራ ታመሻለች።
ሄልዩ፣ ሠላሳ ዓመት አርሻለሁ፣
ልጬ፣ ከትፌ፣ ጎንጉኜ ለገበያ አውጥቻለሁ፤
እንባ እንጂ ቤት አላየሁም። ካለ አሳዪኝ፣ እጠብቃለሁ።»

ምላጭ አነሳሁ፤ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ፊት፣ እንደ እርጥብ ወረቀት
ስስ ቆዳ ገፍፌ አዮዲን አንጠበጠብኩበት፤
የማይክሮስኮፑን መብራት አበራሁ፤ «አንዱን ዓይንህን ጨፍነው።»
ጢሙን ወደ ጎን ገፋ፤ ዝምታ ክፍሉን ከደነው።

«መደብ ነው» አለ በመጨረሻ፤ «የኔው ማሳ፣ የኔው ረድፍ፤
ጠርዙ በገመድ የተለካ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የማያልፍ።
ይህን ሥርዓት እኔ መስሎኝ ነበር ያመጣሁት፤
ለካስ ሽንኩርቱ ነው ባለቤቱ፣ እኔ ነኝ የሰረቅሁት።»

ሳቅሁ። «የረድፉ ጠርዝ ግድግዳ ነው፣
ከሴሉሎስ የታነጸ፤ እንጨትህንም ያቆመው እሱ ነው።
ከግድግዳው ውስጥ፣ ተለጥፎ፣ የማይታይ ስስ ሽፋን አለ፤
በረኛ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ሌላውን ‹ማነህ?› እያለ።
ያቺ ቢጫ ነጥብ…» «አየኋት፣ ከጥግ የተቀመጠች፤
እንደ ምስር ፍሬ፣ በየቤቱ አንድ አንድ አለች።»
«ኒውክለስ ናት፤ የዘሩ ውል በእሷ ዘንድ ነው የተጠመጠመ፤
ሽንኩርት ከሽንኩርት መወለዱ በእሷ ክር ነው የታተመ።
ቃሉ ተቀድቶ ይወጣል፤ ራይቦዞሞች ይቀበላሉ፣
ፊደሉን ቆጥረው ፕሮቲን እንደ ዶቃ ይሰካሉ።
ሚቶኮንድሪያም አለ፤ በዚህ መነጽር አይታይም፣ አላታልልህም፤
ስኳር እያነደደ ቤቱን ያኖራል፤ ነበልባል ግን የለውም።»

ሉኬርያ ከኋላዬ፦ «አረንጓዴውስ? ክሎሮፕላስቱ?»
«ፀሐይ የሚያበስል ቅጠሉ ነው፤ ራሱማ ከአፈር ነው ቤቱ፤
ከጨለማ ለሚኖር ምን ያደርግለታል መስኮቱ?»

«መሀሉስ ባዶ ነው?» አለ፤ «ይህን ሁሉ ክፍል ማን ይኖረዋል?»
«ቫኪዩል ነው፤ የውሃ ጎተራ፣ ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል፤
ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋል። ሽንኩርትህ ጥርስ ስር ‹ቀጭ› ማለቱ
አጥንት ኖሮት አይደለም፤ የታመቀ ውሃ ነው ብርታቱ።»

ከዚያ ጨው አነሳሁ።
ያ የተቀባው ሞቷል፤ አዮዲን አሳይቶ ይገድላል፤
ሌላ ገፈፍኩ፣ ከሐምራዊ ሽንኩርት፤ ይህ ገና ይኖራል።
ከመስታወቱ ዳር የጨው ውሃ ጠብታ አስጠጋሁ፤
«እይ» አልኩት፤ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ ዛሬም ግን ፈራሁ።
ጎተራው ጎደለ፤ ሽፋኑ ከግድግዳው ተላቀቀ፣
ብርድ እንዳገኘው ሰው ወደ መሀል ተሸማቀቀ፤
ቤቱ እንደ ቆመ ነው፤ ባለቤቱ ነው የደቀቀ።

«ይህን አውቃለሁ» አለ፤ «በርሜል ሙሉ ዓሣ ጨው ነስንሼ፣
ውሃውን እደፋው ነበር፣ እጄን በሽርጤ አብሼ፤
አንድ ቀን አልጠየቅሁም እንዴት እንደ መጣ፤
ለካስ ከየሰው ቤት ነው፣ በረኛው ከፍቶለት የወጣ።»

«አባዬ፣ ሞተ?» ንጹሕ ውሃ ከዳር ጨመርኩ፣
ጨዉን በመጣጭ ወረቀት ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ።
ሃያ። ሠላሳ። ሐምራዊው ኩሬ ቀስ እያለ ሰፋ፣
ሽፋኑ ግድግዳውን አገኘ፣ እንደ ፊኛ ተነፋ፤
ሉኬርያ አጨበጨበች።
ሁሉም አልነበሩም። ከጥግ ጥቂቶቹ አልተመለሱም፤
ለልጅቷ አልነገርኳትም፤ ሳቫቲ አየ፣ አልተናገረም እሱም።

ሲወጣ የተቆረጠውን ግማሽ በመሐረብ ጠቀለለ፤
ኮፍያውን አጥልቆ «ደህና ዋሉ» አለ፤
ለእኔና ለልጁ ይሁን አላወቅሁም፣
ዓይኑ ወደ መዳፉ ነበር ያዘነበለ።